ኢሲጂ ላይ ኤስቲው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? የልብ ምቱ በደቂቃ 150 ላይ ሲቆምስ?

ጥያቄ (የድንገተኛ ክፍል ነርስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ኢሲጂውን (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ወረቀት) አንስቼ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ኤስቲው (ኪውአርኤስ ከሚባለው ሹል የምት ሞገድ ቀጥሎ ያለው መስመር) በግልጽ ተነስቶ ሲመጣ አልቸገርም፤ የሚያስጨንቀኝ መካከለኛው ነው። ለምሳሌ ደረቱን የሚያፍነው፣ ላብ ያጠመቀው፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው መጣ እንበል። የልብን የታች ግድግዳ በሚያዩት ሊዶች (የኢሲጂ መመልከቻ አቅጣጫዎች)፣ ሊድ 3 እና ኤቪኤፍ ላይ ኤስቲው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ማሽኑ ግን «ኖርማል» ብሎ አትሟል። ሐኪሙን ልቀስቅስ ወይስ ትሮፖኒኑን (የልብ ጡንቻ ጉዳት የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ልጠብቅ? ደግሞም ምቱ ወጥ ሆኖ 150 ላይ ሲቆም «ሳይነስ ታኪካርዲያ (ከልብ የተለመደ ምንጭ የሚነሳ ፈጣን ምት) ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል?

መልስ (የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም)

ቀስቅሺው እህቴ። ትሮፖኒን ከፍ ለማለት ሰዓታት ይወስዳል፤ የተዘጋ የደም ሥር ያን ያህል አይታገሥም።

ማሽኑ የጻፈውን በእጅሽ ሸፍኚና ወረቀቱን ራስሽ አንብቢ። መመዘኛውን ታውቂዋለሽ፦ ጄ ነጥብ (ኪውአርኤሱ አልቆ ኤስቲው የሚጀምርበት) ላይ ተለክቶ፣ በሁለት ጎረቤት ሊዶች 1 ሚሊሜትር። ደረት ላይ ከሚለጠፉት ቪ2 እና ቪ3 ላይ ግን 40 ዓመት ለሞላው ወንድ 2፣ ከዚያ በታች ላለው 2.5፣ ለሴት 1.5 ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል፤ ግን የደም ሥሩ ሲዘጋ ኤስቲው በአንድ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ላይ አይደርስም። ስለዚህ ግማሽ ሚሊሜትር ስታዪ ጥያቄው «ሞላ ወይስ አልሞላም» መሆን የለበትም። ዓይንሽን ወደ ኤቪኤል ውሰጂ። ሊድ 3 እና ኤቪኤል ልብን ከተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚያዩት፤ ታች ያለው ግድግዳ ሲጎዳ ኤቪኤል ላይ ኤስቲው ይወርዳል፣ ቲው (ከኤስቲው ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ) ይገለበጣል። አንዳንዴ ይህ ለውጥ ሊድ 3 ላይ ያለው ከፍታ ጎልቶ ከመታየቱ በፊት ይመጣል። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ቲውን ከራሱ ኪውአርኤስ ጋር አስተያዪው። ትንሽ ኪውአርኤስ ተከትሎ ሰፊና ወፍራም ቲ ከመጣ፣ ኤስቲው ገና ባይነሳም አደጋ ነው። ቪ1 እስከ ቪ3 ላይ ኤስቲው ወርዶ አር (የኪውአርኤስ ወደ ላይ የሚወጣው ሹል) ከረዘመ ደግሞ የኋላው ግድግዳ ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሮዶቹን ወደ ጀርባ አዙረሽ ቪ7፣ ቪ8 እና ቪ9ን አንሺ፤ እዚያ 0.5 ሚሊሜትር ይበቃል።

የታችኛው ግድግዳ ከሆነ ናይትሮግሊሰሪን ከመሰጠቱ በፊት የቀኙን ቪ4 (በደረቱ ቀኝ በኩል የሚለጠፈውን) አንሺ። የቀኝ ቬንትሪክል (የልብ የታችኛው ክፍል) ከተጎዳ መድኃኒቱ የደም ግፊቱን በድንገት ሊጥለው ይችላል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ለማንሳት ከአንድ ደቂቃ በላይ ስለማይፈጅ ነው።

ሕመሙ እስካለ ድረስ በየ15 ደቂቃው ድገሚ፤ ኤሌክትሮዶቹን አትንቀይ፣ ቦታቸው ከተቀየረ ማነጻጸር አይቻልም። የቀድሞ ኢሲጂ ካለም አስፈልጊው።

መልስ (የልብ ክፍል ሐኪም)

ስለ 150ው ልጨምር። ሳይነስ ታኪካርዲያ ይንቀሳቀሳል፤ ሕመሙ ሲቀል፣ ፈሳሽ ሲሰጠው፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ምቱም ይቀንሳል። ሰውየው ተኝቶም ተነስቶም 150 ላይ ድርቅ ካለ ኤትሪያል ፍለተርን ጠርጥሪ። ኤትሪየሙ (የልብ የላይኛው ክፍል) በደቂቃ 300 ገደማ ይመታል፤ ምቱን ወደ ታች የሚያስተላልፈው ኤቪ ኖድ ከሁለት አንዱን ሲያሳልፍ 150 ይሆናል። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድ ቲው ውስጥ ስለሚደበቅ ሊድ 2 እና ቪ1ን በትዕግሥት እዪ። ካልታየ ሐኪሙ አዴኖሲን ሲሰጥ ወረቀቱ እየሮጠ ይሁን፤ አዴኖሲን ፍለተሩን አያቆመውም፣ ግን ኤቪ ኖዱን ለጥቂት ሰከንድ ይዘጋውና ሞገዱ ይጋለጣል።

ምቱ የተዘበራረቀና ፒ (ከኪውአርኤስ በፊት የሚመጣው ትንሽ ሞገድ) የሌለው ከሆነ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። ፈጣን ሆኖ ኪውአርኤሱ ከ3 ትናንሽ ካሬ በላይ ከሰፋ፣ በተለይ ከዚህ በፊት የልብ ድካምና የልብ ጡንቻ ጉዳት በነበረበት ሰው፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ (ከቬንትሪክል የሚነሳ አደገኛ ፈጣን ምት) ነው ብለሽ ተንቀሳቀሺ።

መልስ (የኢሲጂ ባለሙያ)

ከንባቡ በፊት አነሳሱን አረጋግጡ። ሊድ 1 ላይ ሁሉም ሞገድ ተገልብጦ ኤቪአር ላይ ወደ ላይ ከሆነ፣ የግራና የቀኝ እጅ ገመድ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል። ቪ1 እና ቪ2 ቦታቸው አራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ነው፤ ከዚያ ከፍ ተደርገው ሲለጠፉ የሌለ በሽታ ያሳያሉ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዶክተር፣ ኤቪኤል ላይ ቲው ብቻ ተገልብጦ ኤስቲው ባይወርድስ?

መልስ (የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም)

እዚያው ኤቪኤል ላይ ኪውአርኤሱን እዪ። ራሱ ኪውአርኤሱ ወደ ታች ከሆነ ቲውም ቢከተለው ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። ኪውአርኤሱ ወደ ላይ ሆኖ ቲው ብቻ ከተገለበጠ፣ ሰውየውም ደረቱን ይዞ ላብ ካጠመቀው፣ ሐኪሙን ጥሪና ሁለተኛውን ወረቀት ማንሳት ጀምሪ።