«ራስጌው ላይ ርዕሱን ጻፉ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ። እዚህ ድሬ ላይ ለጀማሪዎች ኤችቲኤምኤል፣ ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ኮድ፣ አስተምራለሁ። ከእኔ በፊት የነበረ መምህር ያዘጋጀው የአማርኛ ጽሑፍ አለ። እንዲህ ይላል፦ «ራስጌው ላይ ርዕሱን ጻፉ፤ የቀረውን አካሉ ውስጥ አድርጉ።» ግማሹ ተማሪ ራስጌ ሄድ (ገጹ ላይ የማይታየው የኮዱ ክፍል) ነው ብሎ እዚያ ታይትል፣ ብሮውዘሩ ታብ ላይ የሚነበበውን ስም፣ ጻፈ። ግማሹ ሄደር (የሚታየው ገጽ አናት) ነው ብሎ ቦዲው፣ የሚታየው ክፍል፣ ውስጥ ትልቅ ጽሑፍ አስቀመጠ። የእነዚህኞቹ ርዕስ ገጹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ላይ ታቡ ላይ ግን የሚነበበው የፋይሉ ስም ነው። አንዷማ ኤች 1 ን፣ ገጹ ላይ የሚታየውን ትልቁን ርዕስ፣ ሄድ ውስጥ ከተተችው። ብሮውዘሩ ዝም ብሎ ሄዱን ዘጋና ቦዲ ከፈተላት፤ ጽሑፉም ታየ። ልክ የሠራች መስሏት ስትስቅ ዋለች። ራስጌ ሄድ ነው ሄደር?

መሪጌታው፦ ልጄ፣ ከጥያቄህ በፊት ፊደልህን አርም። ርእስ በአልፉ «እ» ነው፤ በዐይኑ አይደለም። ግእዙ ርእስ ራስ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ «ርእሰ ማዕዘንት» የሚለውን ያውቀዋል። እንግዲህ መምህሩ «ራስጌው ላይ ራሱን ጻፉ» ነው ያለው። ቅኔ ሲዘርፍ አገኛችሁት።

ሳቢያን ማዶ፦ እሺ የኔታ፣ አርእስትስ? «የዜናው አርእስት» ይባል የለ?

መሪጌታው፦ ስህተት ነው። ርእስ አንድ፣ አርእስት ብዙ። ዜናው ስንት ራስ አለውና?

ኮድ ቃሚ፦ አቦ ይቺ ለኛ ሙያ ትጠቅማለች! አንድ ገጽ የሚፈቀድለት ታይትል አንድ ብቻ ነው። እሱ ርእስ ይሁን። ከኤች 1 እስከ ኤች 6 ያሉት ስድስቱ ደግሞ አርእስት።

መሪጌታው፦ ተባርከሃል። ስምህን ግን ቀይር።

ጀጎል ውስጥ፦ ዋናዋን «ጌ» ዘለላችኋት እኮ። ራስ+ጌ፣ እግር+ጌ። እኛ ሐረርን «ጌይ» ነው የምንላት። ቋንቋው ጌይ ሲናን፣ ሰዉ ጌይ ኡሱእ። ጌ ማለት ስፍራ ነው። ራስጌ የራስ ስፍራ፣ ግርጌ የእግር ስፍራ። ቃሉ ከጀጎል በር ነው የወጣው።

ሳቢያን ማዶ፦ በየትኛው በር? የጥንቶቹ ብቻ አምስት ናቸው። ነገ ደግሞ «ጌታ»ም የኛ ነው በል።

ጀጎል ውስጥ፦ አስቤበታለሁ። እመለስበታለሁ።

መሪጌታው፦ እንዳትመለስበት። ድምፅ ስለተመሳሰለ ዝምድና አይቆጠርም። ይልቅ «አካል» የሚለውን ማን ፈቀደ? ሦስት አካል ስንል ሦስት ገላ ማለታችን ነው? ቦዲ ሥጋ ይባል፣ ካልሆነም ሰውነት።

ሳቢያን ማዶ፦ «ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክእ፣ ፍጹም አካል» ይባል የለም እንዴ? አካል ከተከለከለ ድረ ገጽም ይከልከላ።

መሪጌታው፦ ድረ ገጽ የሚለውን በሰማሁ ቁጥር ሳይከነክነኝ ቀርቶ አያውቅም።

ኮድ ቃሚ፦ መልክእ ለሲኤስኤስ ይሰጥልኝ። ገጹን መልክ የሚያስይዘው እሱ ነው።

ዝምተኛው፦ ወንድሜ የከዚራ ልጅ፣ ሰው ራስ አለው፤ ራስጌ ያለው አልጋ ነው። ሄደርም እንደዚያው ቦዲው ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ከታቹ ፉተር ግርጌ ሆኖ ይመጣል። ሄድ ግን ቦዲ ውስጥ አይገባም። ሁለቱም ኤችቲኤምኤል በሚለው ታግ (የኮድ ምልክት) ሥር ጎን ለጎን የሚቀመጡ ወንድማማቾች ናቸው። ሄድ ውስጥ ያለው ገጹ ላይ አይታይም እንጂ ሥራው ብዙ ነው፤ ፊደሉ በምን ኮድ እንደተቀመጠ የሚናገረውን፣ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን መስመር ብትረሳ ፊደላችን ዝባዝንኬ ሊሆንብህ ይችላል። ስለዚህ ሄድን ራስ፣ ሄደርን ራስጌ በለው። ጽሑፉ የተሳሳተው ታይትልን ወደ ራስጌ የላከ ጊዜ ነው።

ጀጎል ውስጥ፦ አልጋ ካልክ የሐረሪ ቤት ውስጥ መደቡ ነደባ ይባላል። ራስጌ ያለው ነደባ ነው ወይስ አልጋ? በዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ኮድ ቃሚ፦ ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚነገረው መጀመሪያ ላይ፣ ኤችቲኤምኤል ታጉ ውስጥ ላንግ የሚለው ላይ ነው። አማርኛ «ኤ፣ ኤም» ተብሎ ሁለት ፊደል ነው። ጌይ ሲናን «ኤች፣ ኤ፣ አር» ሦስት። ግእዝም «ጂ፣ ኢ፣ ዜድ» ሦስት።

መሪጌታው፦ ልጅ ሁለት፣ አባት ሦስት። ተገቢ ነው።

ጀጎል ውስጥ፦ እኛም ሦስት!

የከዚራ ልጅ፦ ኧረ ወገን፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል አለኝ። ሰሌዳው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

መሪጌታው፦ ሰሌዳ ስትል፣ ቃሉ ከጽርእ፣ ከግሪክ፣ የመጣ ነው። እዚያ ገጽ ማለት ነው።