ይህን አሮጌ ሂሉክስ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ባህር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. የ1997 ምርት ደብል ጋቢና ሂሉክስ አግኝቻለሁ፤ ሞተሩ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትሩ ናፍጣ ነው። ባለቤቱ "ሞተሩ በቅርቡ ነው የተሠራው" ይላል፤ ሻጭ መቼ ሌላ ብሎ ያውቃል!

ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። እሱስ ምናልባት የማሞቂያ ካንዴላው ይሆናል። ያሳሰበኝ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ጭስ መተንፈሱ ነው። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቆ ነው ወይስ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ? ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይወርድ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) የሚለካ ጋራዥ እዚህ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ሌላው፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል፣ የሞተር ቁጥሩ ግን አይገጥምም። እንዲህ ያለ መኪና ስም ያዛወራችሁ፣ ምን ወረቀት ተጠየቃችሁ? ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።