ኦክስጅን ይዞ ከሆስፒታል ለሚወጣ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ቤቱን እንዴት ላዘጋጅ?

ጥያቄ፦ የቢኒ እናት፣ አዲስ አበባ
እህቶቼ፣ ልጄ በ28 ሳምንቱ፣ 1,050 ግራም ሆኖ ነው የተወለደው። 11 ሳምንት ሙቀት ክፍል ቆይቶ ሐሙስ ልንወጣ ነው፤ ሳንባው ገና ስላልጠነከረ ግን ኦክስጅን ይዞ ነው፣ በደቂቃ ሩብ ሊትር። በደሙ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየው ቁጥር እቅፌ ላይ ዝም ሲል 95 የነበረው ሲጠባ 88 ይገባል። አማቴ ደግሞ የአራስ ቤት ያለ ቡናና እጣን አይሆንም ይላሉ፤ የሚያስውጡት ቅቤም አዘጋጅተዋል። መብራት ሲጠፋስ ምን ይውጠኛል?

የመንታ እናት
እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! ከመንታዎቼ አንዷ እንዲሁ ነው የወጣችው፣ አምስት ወር ተጠቀመች። ስትጠባ ቁጥሩ ሲወርድ ጡቱን አስጥዬ ትከሻዬ ላይ አስደግፋታለሁ፤ ትንፋሿ ሲረጋ መልሼ እሰጣታለሁ። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ማጥባት ይሻላል። ለመተንፈስ ብዙ ጉልበት ስለሚያወጡ ኪሎ ለመጨመር ይቸገራሉ፤ አዲስ ሳንባ የሚያበቅሉት ደግሞ ሲያድጉ ነውና ሳታሰልሺ አስመዝኚው።

አንድ ሌሊት ደህና መስላ ስለታየችኝ ቱቦውን አወለቅኩላት። ሊነጋጋ ሲል ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። እንቅልፍ ላይ ነው የሚወርደው። ሐኪም በእንቅልፉ ለክቶ ካልፈቀደ በምንም አታውልቂው።

ሲስተር፣ የጨቅላ ሕፃናት ነርስ
ስትወጪ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስጽፊ፦ ከስንት ሲወርድ፣ ምን ያህል ሲቆይ እንምጣ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ልጅ ቁጥር ራሱ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ የሌላ አገር ቁጥር አትያዢ። የ88ቱን ነገር ግን ከመውጣትሽ በፊት ንገሪያቸው፣ ለመጥቢያ ሰዓት ኦክስጅኑን ከፍ ሊያደርጉለት ይችላሉ።

ቅቤው በፍጹም አይሆንም! ሲውጥ ትንሽ ወደ ሳንባው ካመለጠ የሳንባ ምች ያስከትላል፣ ለማዳንም ያስቸግራል። እጣንና ከሰሉም ሁለት ጉዳት አላቸው፦ ጭሱ የአየር ቧንቧውን ያስቆጣዋል፣ ኦክስጅን ባለበት ደግሞ እሳት በቀላሉ ይያያዛል። ቡናው ጎረቤት ይፈላ፤ ሌላ ክፍል አይበቃም። አፍንጫው ቢደርቅም ቫዝሊን አትቀቢው።

ኦክስጅኑን የሚሰጠው በመብራት የሚሠራ ማሽን ከሆነ መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር ግድ ነው። የያዘውን ሊትር ለ0.25 አካፍዪው፣ የሚቆይበትን ደቂቃ ታገኛለሽ፤ 600 ሊትር ያለው 40 ሰዓት ያህል ያቆያል።

የናሆም አባት
እኛን ያስቸገረን ጠያቂ ነበር። በር ላይ ውኃና ሳሙና አስቀመጥኩ፤ ጉንፋን የያዘውን ዘመድ «በስልክ ጠይቀን» አልኩት። የተቀየመ አለ፣ ይቀየም። ለትልቅ ሰው ተራ የሆነው ጉንፋን እነዚህን ልጆች ሆስፒታል ይመልሳቸዋል። ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው፤ የ6 እና የ10 ሳምንቱን ወስዶ እንደሆነ ጠይቂ።

የጎድን አጥንቱ ሥር ሲሰረጉድ፣ አፍንጫው ሲርገበገብ፣ ሲያቃስት፣ ጡት እምቢ ሲል፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ቁጥሩን እያየሽ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

የቢኒ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቴን ዛሬ ሆስፒታል ይዣቸው መጥቼ ነርሷ ራሷ አስረዳቻቸው። ደረቱ ሲሰረጉድ ሲያዩ አለቀሱ፤ ረከቦቱን እትዬ ጎረቤታችን ጋ ልከውታል። አሁን ሲሊንደር እያፈላለግኩ ነው።