የኤሌክትሪክ ምጣዴ በመጋገር መሀል ላይ ተበላሸብኝ፤ ወደ እንጨት መመለስ አልፈልግም፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የአያቷ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡05)

እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነኝ። 40 እንጀራ መጋገር አለብኝ። አብሲቱን ጠዋት ጥዬ ሊጡ አሁን ኩፍ ብሎ ከባልዲው ሊወጣ ነው። ሦስተኛውን አዙሬ አክንባሎውን ስከድን ምጣዱ ጢስ ጢስ ሸተተኝና ተበላሸ። እንጀራው ጥሬ ሆኖ ተጣብቆ ቀረ።

ዓምና ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ከሰልም እንጨትም ከቤታችን አስወጥተናል። አሮጌዋን መኪና ሸጠን በባቡር ነው የምንመላለሰው። ቢያንስ ከኛ ቤት የሚወጣው ጭስ ይቀንስ ብለን ነው። አሁን ባለቤቴ «በቃ ለዛሬ ብቻ እንጨት ልግዛ» እያለ በር ላይ ቆሟል። ሌላው አማራጭ ሊጡን በራይድ ጭኜ ቃሊቲ እናቴ ጋ ሄጄ መጋገር ነው። የትኛው ይሻላል? ምጣዱስ እቤት ውስጥ ይሠራል ወይ?

የጎፋው ልጅ (8፡09)

ሽቦው ተበጥሷል። ሽቦ ቀይሪ።

ፒንሳ (8፡14)

እህት፣ ተበላሸ ብቻ ካልሽን በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው። ምጣዱ ሙሉ በሙሉ ነው የቀዘቀዘው ወይስ አንዱ ጎኑ ብቻ? ብሬከሩ ወርዷል? ስፒናውን ነቅለሽ አይተሻል? ጠቁሯል? እነዚህን መልሺልኝና እንቀጥላለን። እስከዚያው ከሶኬት ንቀዪው፣ ውሃም አታስነኪው።

መምህሩ (8፡20)

እህቴ፣ ያነሳሽው ጉዳይ ከምጣድም ያለፈ ነው። ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሲበላሽበት ወደ ከሰል ይሮጣል። ከሰል ግን ጭሱ የሚጀምረው እኛ ቤት አይደለም፣ ገጠር ነው። በባህላዊው መንገድ፣ ማለትም በአፈር ተከድኖ ሲከሰል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል። ከተማ ገብቶ በማዳበሪያ የምናየው እንግዲህ የተረፈው ነው።

የኛ ሀገር ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ግልገል ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት። ስለዚህ አንቺ ምጣድሽን በሰካሽ ቁጥር ከአባይና ከኦሞ ነው የምትጋግሪው። ብዙ ሀገር ይህን ዕድል አላገኘም። የሰው ልጅ እሳትን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ

የጎፋው ልጅ (8፡21)

መምህር፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል እኮ! ከአዳም አይጀምሩ።

መምህሩ (8፡24)

እሺ ልጄ፣ አሳጥራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። አብዛኛውን ጊዜ ምድጃው ሥር የምትቀመጠው እናት ናት፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ። እህታችን እንጨት አልገዛም ማለቷ ትክክል ነው። ይህን ብቻ ልበል ብዬ ነው።

ያገሬ ሰው (8፡31)

እኔ በጥያቄው መነሻ ራሱ አልስማማም። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እኛ አንድ ቶን እንኳ አንደርስም። ዓለምን ያሞቀው የነሱ ፋብሪካና መኪና ሆኖ ሳለ ያንቺ 40 እንጀራ ምን አድርጎ ነው? ማኅበርተኛ ጾሙን ከሚያድር ሁለት እስር እንጨት ገዝተሽ ጋግሪ። ኃጢአት የለበትም።

የአያቷ (8፡38)

ወንድሜ፣ ኃጢአት ነው አላልኩም። የአሜሪካኑንም ዕዳ እኔ ልክፈል አላልኩም። እናቴ 30 ዓመት በእንጨት ጋግራ ነው ያሳደገችን። ዛሬ ደረጃ ስትወጣ ታርፋለች። ዓይኗን ጢስ እየለበለባት እንጀራ ስታወጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እንጨቱን ከእንጦጦ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶችም አውቃቸዋለሁ፣ ሰፈራችን ያልፉ ነበር። ጎንበስ ብለው መንገዱን እንጂ ሰው አያዩም። ለኔ ካርቦን ማለት ይሄ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ከኔ ቤት አይውጣ።

ፒንሳ ወንድሜ፣ ይቅርታ ሳልነግርህ። ግራው ጎን ይሞቃል። ቀኙ ጭራሽ ቀዝቃዛ ነው። ብሬከሩ አልወረደም። ስፒናውን ነቅዬ ሳየው አንዱ እግሩ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩም ትንሽ ቀልጧል።

ሰሚት 3ኛ ፎቅ (8፡41)

ይሄ የኃይል መውረድ ነው። እኛም ጋ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሰው ስለሚጋግር መብራቱ ይደክማል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሞክሪው፣ ይሠራል።

ፒንሳ (8፡52)

ሰሚት፣ ኃይል ሲወርድ ምጣዱ በሙሉ ነው የሚደክመው፣ አንድ ጎን መርጦ አይቀዘቅዝም። ያልከው ነገር ግን በሌላ ቀን እውነት ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት በሢሶ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ያኔ «ሊጡ ነው የተበላሸው» እያለ ዱቄቱን ይረግማል።

የአያቷ፣ ያንቺ ነገር ግልጽ ነው። ምጣድሽ ሁለት ሽቦ ነው ያለው፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ። የቀኙ ተበጥሷል ወይም ከማያያዣው ተነቅሏል። ጥሩው ነገር ሸክላው ደኅና ነው። መጥፎው ነገር ስፒናሽም እየተቃጠለ ነበር። ያ ጢስ ጢስ ያለሽ እሱ ነው። ምጣድ 3,700 ዋት ገደማ ይስባል፣ ወደ 17 አምፔር ማለት ነው። ላላ ያለ ስፒና ይሄን አይችልም።

ሽቦው የት እንደተበጠሰ ለማየት ብሬከሩን አውርደሽ፣ ምጣዱ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ጠብቂ። ከዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፈሽ ለሁለት ሆናችሁ በቀስታ ገልብጡት። ከሥር ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቺ። ጠምዛዛው ሽቦ በቦዩ ውስጥ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። የተበጠሰበት ቦታ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይኖረዋል።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ብዙ ሰው የተበጠሰውን ጫፍ ለጫፍ ጠምዝዞ ይቀጥለዋል። ሁለት ሳምንት ይሠራና እዚያው ቦታ ይበጠሳል። ቆርጦ ማሳጠር ደግሞ የባሰ ነው። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ብዙ ኃይል ይስባል፣ ሶኬቱን ያቀልጠዋል፣ ቆጣሪሽንም ይበላል። መፍትሔው ተመሳሳይ ውፍረትና ርዝመት ያለው አዲስ ሽቦ ነው። አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና አሳዪአቸው፣ በአፍ ብቻ አትንገሪ። ስፒናና ሶኬቱም አብሮ ይቀየር። ሥራውን የማያውቅ ሰው አይንካው።

የጎፋው ልጅ (8፡53)

አልኩ እኮ። ሽቦ ቀይሪ።

እትዬ ጎመን ዘር (8፡58)

ልጄ፣ ሽቦውን ለሰኞ ተዪው። አሁን ሊጡን አድኚ። ባልዲውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪው፣ ኩፍ ማለቱን ይገታልሻል። ላዩ ላይ ውሃ ካቀረረ አጥልይለት። ሁለት ሦስት ሰዓት ይታገስሻል።

ደግሞ ምን ብለሽ ነው ቃሊቲ የምትሄጂው? ጎረቤት የለሽም? ኮንዶሚኒየም ከሆነ የምትኖሪው ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ቤቱ) ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጋግር ሰው አይጠፋም። ምጣዱ አንዴ ከሞቀ የሷን ጨርሳ ያንቺን መቀጠል ነው። ያለዚያ ሁለታችሁም ቀዝቃዛ ምጣድ ለማሞቅ ኃይል ትጨርሳላችሁ። እኛ በደጉ ጊዜ በአንድ ምድጃ ሦስት ቤት ነበር የምንጋግረው። ይሄ ሁሉ ምጣድ በየቤቱ የመጣው አሁን ነው።

መቀመጫ ይኑርሽ (9፡06)

ቃሊቲ ለምትሉ ላስላላችሁ። ከአያት ሰፈር ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 4 ሊትር ቤንዚን። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ 9 ኪሎ አካባቢ፣ ለ40 እንጀራ። ምጣዱ ራሱ ለ40 እንጀራ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢበላ ነው፣ እሱም ከውሃ የመነጨ። መንገዱ ከመጋገሩ ይበልጣል ማለት ነው።

የግድ ከሆነ በባቡሩ ሂጂ። ስታዲየም ወርደሽ የቃሊቲውን ትይዣለሽ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ እየሄደልን ነው። እኔ በየቀኑ እሄድበታለሁ። ግፊያው አለ፣ አልዋሽሽም። ባልዲ ሊጥ ይዘሽ ካየሁሽ ግን መቀመጫዬን እለቅልሻለሁ።

ያገሬ ሰው (9፡11)

እሺ፣ ስለ እናትሽ ያልሽው ገብቶኛል። የኔም እናት እንደዛው ናት። አንድ ነገር ግን ልጨምር። መብራት በሄደ ቁጥር ምን ልናደርግ ነው? ኤሌክትሪክ ብቻ ይዞ መቀመጥ አያዋጣም። እንጨት የግድ ከሆነ ቢያንስ በሦስት ጉልቻ አይሁን። ምርጥ ምድጃ የሚባለው በሲሚንቶ የሚሠራው አለ። ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ ከሦስት ጉልቻ ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል። እህቴ ገጠር በሱ ነው የምትጋግረው። ለመጠባበቂያ አንድ ቢኖር አይከፋም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (9፡19)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምጋግረው በ1,500 ዋቱ የአሉሚኒየም ምጣድ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ። ሽታው ቤት እንዳይገባ ብለን ሁላችንም ጋራዥ ነን። ምጣዳችሁን አትናቁት። እዚህ አሜሪካ ኤሌክትሪኩ 60 በመቶ ያህሉ ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው የሚመጣው። እኔ አንድ እንጀራ ስጋግር ጭሱ ዓይኔ ሥር ስለሌለ የለም ማለት አይደለም።

ያገሬ ሰው ያልከው 14 ቶን ውስጥ እኔም አለሁበት። ትልቁ የኔ ድርሻ ምጣዱ አይደለም፣ አውሮፕላኑ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው ብቻ ከ1 ቶን በላይ ነው። እናቴን አለማየት አልችልም። ግን ድሮ በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት እመጣ የነበረውን አሁን በየሁለት ዓመቱ ለአንድ ወር አድርጌዋለሁ። ቀጥታ በረራም እመርጣለሁ፣ እያንዳንዱ መነሳት ተጨማሪ ነዳጅ ይበላል። ለእናቴም ይሄ ተሽሏታል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘመድ ስጠይቅ ነበር የማልቀው።

የአያቷ (9፡27)

እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! ኮሚናሉን ጭራሽ አላሰብኩትም። ወርጄ ሳይ የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤቴ እየጋገረች ነው፣ አሥር ያህል ይቀራታል። «አምጪው፣ ምጣዱ እንደሞቀ ነው» አለችኝ። ባልዲውን ሳፋ ውስጥ አድርጌ ባለቤቴ እያወረደው ነው። እንጨቱ ቀርቷል።

ፒንሳ፣ አንድ ጥያቄ፦ ሽቦውን ስቀይር ሁለቱንም ልቀይር ወይስ የተበጠሰውን ብቻ?

ፒንሳ (9፡33)

ሁለቱም እኩል ካረጁ ሁለቱንም ቀይሪ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን ምጣዱ እኩል አይሞቅም፣ እንጀራሽ ባንድ ጎን ይነጣል፣ ባንድ ጎን ያራል። ሸክላውን ስታነሺ ከሥሩ ያለውን ጀሶም እዪው። ከተሰነጠቀ ወይም ካለቀ ሙቀቱ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ መሬቱን እያሞቅሽ ነው የምትከፍዪው። ለጎረቤትሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያት፦ ያንቺ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀሩ ታጥፋው። ሸክላው በያዘው ሙቀት ይወጣሉ።

ሰሚት 3ኛ ፎቅ (9፡40)

እኔ አሁንም ኃይል ነው የምለው።

እትዬ ጎመን ዘር (ከምሽቱ 1፡15)

ልጄ፣ እንጀራው ዓይን አወጣ? ሊጡ ኮመጠጠብሽ ወይ?

እትዬ ጎመን ዘር (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡30)

ማኅበር ላይ ነሽ መሰል። ሲመችሽ ንገሪኝ።

አዲስ ገቢ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡02)

የኔ ምጣድም ተበላሸብኝ፣ ግን የኔ በሙሉ ነው የቀዘቀዘው፣ ብሬከሩም ወርዷል። ለመጠባበቂያ የነበረኝን ከሰል ገና አላቀጣጠልኩም። ፒንሳ ካለህ እባክህ፣ ከየት ልጀምር?

ፒንሳ (ማክሰኞ፣ 6፡10)

አለሁ። ብሬከሩን መልሰሽ አታንሺ። መጀመሪያ ምጣዱን ከሶኬት ነቅለሽ ብሬከሩን ብቻውን ሞክሪው፣ ይይዛል?