ያገለገለ ፖርሽ 911 ለመግዛት፦ ጥቂት ማይል ያለው የ2007 ወይስ ብዙ የተነዳው የ2010?

ጥያቄ፦ ስድስተኛ ማርሽ

የተከበራችሁ የመኪና ወዳጆች፣ የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን ለዓመታት ካጠራቀምኩት ገንዘብ እስከ 65 ሺህ ዶላር መድቤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩትን ፖርሽ 911 ለመግዛት ተዘጋጅቻለሁ። ለሥራ መመላለሻ ሌላ መኪና ስላለኝ ይህኛውን የምነዳው በዕረፍት ቀናት፣ በተለይም ወደ ሼናንዶዋ ተራሮች ስወጣ ብቻ ይሆናል። ዓይኔን የጣልኩባቸው ካሬራ ኤስ የተባለው የ911 ዓይነት ሁለት መኪናዎች ሲሆኑ ሁለቱም ማኑዋል ካምቢዮ አላቸው። አንደኛው የ2007 ሞዴል ሆኖ የተነዳው 29 ሺህ ማይል ብቻ ነው፤ የጥገና ሰነዱ ግን የተቆራረጠ ነው። ሌላኛው የ2010 ሞዴል ሲሆን 74 ሺህ ማይል ተነድቷል፤ ባለቤቱ ከመጀመሪያው የዘይት ቅያሪ አንሥቶ ደረሰኞቹን በሙሉ ይዟል፤ ዋጋውም ጥቂት ከፍ ይላል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ከዚህ ባነሰ ገንዘብ መርሴዲስ ሲ 63 ወይም ቢኤምደብሊው ኤም 3 መግዛት እንደምችል ይነግረኛል። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? በየዓመቱስ ለጥገና ምን ያህል ልመድብ? ወደፊት ጠቅልዬ አዲስ አበባ ብገባ መኪናውን ይዤ መሄድ የሚቻል መሆኑንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ቦክሰር ሞተር

እኔ ያለ ማመንታት የ2010ሩን ይግዙ እላለሁ። 997 የሚባለው ይህ ትውልድ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ቢመስልም በ2009 ሞዴል ላይ ሞተሩ ከመሠረቱ ተለውጧል። ከዚያ በፊት የነበረው የካሬራ ኤስ 3.8 ሊትር ሞተር 355 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን ውስጡ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለው፤ የዚህ ዘንግ ኩሽኔታ ሲሰበር ሞተሩን ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርገው 911 ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ ሳይሰማ አይቀርም። ኩሽኔታው ከ2006 ሞዴል አካባቢ ጀምሮ ትልቅና ጠንካራ ስለተደረገ በ2007ቱ ላይ ትልቁ ሥጋት እርሱ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሲሊንደር ግድግዳ መቧጨር ነው። የፒስተኑ ሽፋን እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ግድግዳውን መፋቅ ይጀምራል፤ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፤ ከጭስ ማውጫዎቹ የአንዱ ወገን ከሌላው ይበልጥ ይጠቁራል፤ ቆይቶም ምት የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ አጫጭር መንገድ ብቻ ሲነዳ የኖረ መኪና ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ፣ የ29 ሺህ ማይሉ ትንሽነት በራሱ የጤንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እንዴት እንደተነዳና እንዴት እንደቆመ የሚናገር ሰነድ ከሌለ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። በ2010ሩ ላይ መካከለኛው ዘንግ ጨርሶ የለም፤ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል፤ ጉልበቱም 385 ደርሷል። እርሱም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም፤ የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፑ አንዳንድ ጊዜ ይበላሻል፤ ነገር ግን ፓምፕ ተቀይሮ ያልቃል፣ ሞተር ማስበርበር ግን የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊወስድ ይችላል።

ስለ መሪውም አንድ ነገር ልበል። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው 991 የኤሌክትሪክ መሪ አለው፤ በ997 ግን መሪው ገና በሃይድሮሊክ የሚሠራ ነው። የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን እንዴት እንደያዙት በመዳፍዎ ይሰማዎታል፤ ለተራራ መንገድ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ስሜት ከጉልበት ቁጥር አስበልጦ ቢመለከተው ትክክል ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

መልስ፦ የጋራዥ ሰው

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ወጪው ልጨምር። ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ነገር የመኪናው ዋጋ በዓመታት ብዛት ቢወርድም የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ የማይወርድ መሆኑን ነው። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ራዲያተሩ ሁሉ አዲስ ሳለ ወደ መቶ ሺህ ዶላር ለሚጠጋ መኪና የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ 65 ሺህ ዶላሩን በሙሉ ለመኪናው አያውሉት፤ አሥር ሺህ ያህሉ ለመጀመሪያው ዓመት በእጅዎ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አራት ሺህ ዶላር ቢመድቡ፣ አንዳንዱ ዓመት ቢተርፍዎ እንኳ ለሚቀጥለው ይሆናል። በዓመት የሚነዱት ጥቂት ቢሆንም ዘይቱ በየዓመቱ ይቀየር።

ወዳጅዎ ያነሣቸውን መኪናዎች በተመለከተ፣ ሁለቱም ድንቅ ሞተር ቢኖራቸውም ርካሽ የሆኑበት ምክንያት አላቸው። ከ2008 እስከ 2013 ድረስ የተሸጠው ኤም 3 ባለ 4 ሊትር ቪ 8 ሞተሩ በደቂቃ ከ8 ሺህ ዙር በላይ የሚጮህ ቢሆንም የቢየላ ብሮንዙ (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ የሚዞርበት ስስ ሽፋን) ቶሎ ይበላል፤ ጠንቃቃ ባለቤቶች ሳይበላሽ በፊት አስቀድመው ያስቀይሩታል። በመጀመሪያዎቹ ሲ 63 መኪናዎች ደግሞ የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ቡሎኖች እየተበጠሱ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር ያስገባሉ። ሥራው መሠራቱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ካለ ሁለቱንም አልጠላም፤ ከሌለ ግን የተረፈ የመሰለው ገንዘብ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

መልስ፦ ከአርሊንግተን

እዚሁ ቨርጂኒያ ስለሚኖሩ ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ ካውንቲው በመኪናው ግምት ላይ ተመሥርቶ በየዓመቱ የንብረት ግብር ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ በዚህ ግዛት በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ተራ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራት ሊያስከትል የሚችል የወንጀል ክስ ነው። በሼናንዶዋ ስካይላይን ድራይቭ የተፈቀደው 35 ማይል ብቻ ስለሆነ የመኪናውን አቅም እዚያ ለማየት አያስቡ፤ ለዚህ የሚሆነው በዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት የእሽቅድድም ሜዳ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስለመውሰድ የጠየቁት ግን የሚሆን አይመስለኝም። በ2024 መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቢገባም እንኳ እንደዚህኛው ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

ጠያቂው፦ ስድስተኛ ማርሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ልቤ ወደ 2010ሩ አዘንብሏል። ሻጩ መኪናውን ለማስመርመር ፈቃደኛ ነው። መካኒኩ ምን ምን እንዲያይልኝ ልንገረው?

መልስ፦ የጋራዥ ሰው

መኪናውን ሻጩ ሲያሠራበት ወደኖረው ጋራዥ ሳይሆን ፖርሽ ወደሚያውቅ ሌላ ጋራዥ ይውሰዱት። ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ከተቻለም ከታች በኩል ጭምር፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በቀጭን ካሜራ ይታይ። ከሞተሩ ኮምፒውተር ከልክ ያለፈ ዙር መዝገቡ ተነቦ ታትሞ ይሰጥዎት፤ ማኑዋል መኪና ላይ ሦስተኛ ማርሽ ሊያስገባ ሲል አንደኛ ያስገባ ሰው ሞተሩን ከወሰኑ በላይ አሽከርክሮት ሊሆን ይችላል፤ ይህም እዚያ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይገኛል። የቀለሙ ውፍረት በመሣሪያ ይለካ፤ በአንዱ በር ላይ ከሌላው ብዙ ከወፈረ ግጭት ነበረበት ማለት ነው። ጎማዎቹ ላይ ከታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት ያንብቡ፤ ጥርሳቸው ሙሉ ሆኖ ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት ካለፈ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከመኪናው ላይ ይቀንሱ። ሻጩ በሌላው ሁሉ ተስማምቶ ሲሊንደሮቹ በካሜራ እንዳይታዩ ከከለከለ ግን ቀብድ ሳይሰጡ ይመለሱ።