አስቸኳይ፦ የፊልሜ ድምፅ እየቆየ ከምስሉ ወደኋላ ይቀራል

ነጠላ ካሜራ፦
ወገኖች ድረሱልኝ። ነገ ማታ ፊልሙን ማስረከብ አለብኝ። ዲሲፒው (ሲኒማ አዳራሽ የሚያጫውተው የፊልሙ ዲጂታል ቅጂ) ዛሬ ተሠርቶ መጣ። ቁጭ ብዬ ሳየው መጀመሪያው ደህና ነው። መሀል ላይ የሆነ ነገር ቅር አለኝ። መጨረሻው ላይማ ተዋናይዋ ተናግራ አፏን ከዘጋች በኋላ ነው ድምፅዋ የሚመጣው። የስንብቱ ትዕይንት ኮሜዲ ሆኖ ቁጭ አለ! ኤዲት ያደረግሁበት ላይ ግን ምንም የለውም። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ምን ላድርግ?

ቀዩ ሶፋ፦
"የተተረጎመ ፊልም ነው" በላቸው። ማንም አይነቃብህም።

ሬንደር 99፦
ካሹን (ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠውን ጊዜያዊ ፋይል) አጥፋና እንደገና ሬንደር አድርግ። እኔ ጋ ሁሌ ይሠራል።

የድሮ ሰው፦
ወንድሜ፣ ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም። ዲሲፒ በማስረከቢያው ዋዜማ አይታይም። እኛ በጥቅል ፊልም ስንሠራ፣ ቆረጣው አልቆ ምስሉ ከተቆለፈ በኋላ አንዲት ፍሬም (አንዲት ነጠላ ምስል) የነካ ሰው ለድምፅ ባለሙያው ደውሎ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ሁሉም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ከዚያ "ድረሱልኝ" ይላል። ደግሞስ "ጢጥ" የምትለዋን ምልክት አስገብተሃል? ከመጀመሪያው ምስል 2 ሴኮንድ ቀድማ ትገባለች፣ ርዝመቷ አንድ ፍሬም ነው። ፊልሙ ሲያልቅም አንድ ትደገማለች። እሷ ብትኖር ፊልሙን ሙሉ ሳታይ፣ ሁለቱን ጫፎች ብቻ አይተህ ታውቀው ነበር።

ነጠላ ካሜራ፦
እህት ነኝ። ጢጧን ለቀጣዩ ፊልም መዝግቤያለሁ። የአሁኑ ግን ነገ ማታ ነው።

ማይክ ያዥ፦
ቀላል ነው። ድምፁን ሙሉውን ይዘሽ ጥቂት ፍሬም ወደ ግራ ሳቢው። አለቀ።

ቆራጩ፦
እንዳትስቢው! መጨረሻው ሲስተካከል መጀመሪያው ይበላሻል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል የተዛባ ቢሆን መሳብ ያድንሽ ነበር። ያንቺ እየቆየ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው። ሦስት ነገር ንገሪኝ። ፊልሙ ስንት ደቂቃ ነው? ታይምላይኑ በሴኮንድ ስንት ፍሬም ነው? መጨረሻው ላይ ስንት ሴኮንድ ዘገየ?

ሰባተኛው ድራፍት፦
ይቅርታ፣ ግን ዲሲፒ ማን ጠየቀሽ? ለውድድር የምትልኪው ከሆነ ብዙ ፌስቲቫሎች ለምርጫ የሚያዩት በሊንክ ነው። ዲሲፒ የሚመጣው ፊልሙ ተመርጦ አዳራሽ ሊታይ ሲል ነው። በከንቱ ነው የምትጨነቂው።

ነጠላ ካሜራ፦
ተመርጧል እኮ። አልነገርኳችሁም?
78 ደቂቃ ነው። ኤዲት ያደረግሁት በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው፣ ታይምላይኑ 23.976። ምስሉን በቲፍ ፎቶዎች አወጣሁት፣ የድምፅ ሚክሱን ለብቻው በዋቭ ፋይል ሰጠሁ፣ ዲሲፒውን ጓደኛዬ ሠራው። መጨረሻው ላይ 5 ሴኮንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ሰባተኛው ድራፍት፦
እንኳን ደስ አለሽ። 78 ደቂቃ ግን ትንሽ አይረዝምም?

ቀዩ ሶፋ፦
ዲሲፒው 5 ሴኮንድ አሳጥሮላታል፣ ምን ትፈልጋለህ።

ቆራጩ፦
ቀዩ ሶፋ ሳያውቀው መለሰው። ቲፍ ማለት ተራ ፎቶ ነው። በሴኮንድ ስንት ሆኖ መታየት እንዳለበት ራሱ አይናገርም። ጓደኛሽ 24 ብሎ አስገብቶታል። ምስሉ በጥቂቱ ፈጠነ፣ ድምፁ ግን በነበረበት ሄደ። ልዩነቱ ከ1000 አንድ ነው። 78 ደቂቃ 4680 ሴኮንድ ነው። ለ1000 አካፍይው፣ 4.7 ሴኮንድ አካባቢ ይመጣል። ርዝመታቸውን እዪ። ዋቩ 1:18:00 ሆኖ ዲሲፒው 1:17:55 ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ።

ማይክ ያዥ፦
ድምፁ በ44.1 ኪሎኸርዝ ተቀድቶ ቢሆንስ?

ቆራጩ፦
ያ ቢሆን ገና የመጀመሪያው ደቂቃ ሳያልቅ ከ4 ሴኮንድ በላይ ይዛባ ነበር። ድምፁም ወይ ይቀጥናል ወይ ይወፍራል። 25 ፍሬም ቢሆን ደግሞ መጨረሻው ላይ 3 ደቂቃ ያህል ይለያያል።

ሬንደር 99፦
ካሹን አጥፍተሽ አየሽው?

ነጠላ ካሜራ፦
1:17:55! ልክ ነህ! ታይምላይኑን ወደ 24 ልቀይረው?

ቆራጩ፦
አይ። ክሊፕ አንዴ ከገባበት ሪዞልቭ ፍሬም ሬቱን አይቀይርልሽም። በአዲስ ፕሮጀክት ላዛውረው ካልሽ ደግሞ ቁርጦቹን አንድ በአንድ ስታረጋግጪ ይነጋል። ምስሉን ተዪው። ዋቩን በ1.001 አፍጥኚው። የድምፅ ፕሮግራሞቹ ኦዳሲቲም ሪፐርም ይሠሩታል። የድምፁ ቅጥነት በጣም በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ጆሮ አይለየውም። ሚክሱ 5.1 ከሆነ ስድስቱንም ቻናል በአንድ ላይ አድርጊው። አንድ ጊዜ የመሀሉን ረስቼ ሙዚቃው ሲስተካከል ንግግሩ እዚያው ቀርቶብኛል። ስታወጪው 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን።

ዝምተኛዋ፦
ጓደኛሽ የሠራው ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ በሚባለው የዲሲፒ መሥሪያ ፕሮግራም ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ለቲፎቹም ለዋቩም 23.976 ብሎ ይንገረው። ወደ 24 ሲወስደው ድምፁን አብሮ ያስተካክለዋል። ምስሉን እንደገና መጭመቅ ካለበት ግን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። አሁኑኑ ያስጀምረው።

የድሮ ሰው፦
ሲያልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠሽ እዪው። መሀሉን እንዳትዘዪ።

ነጠላ ካሜራ፦
ጓደኛዬ ስልክ አያነሳም። ዋቩን ራሴ እያፈጠንኩ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሰብታይትሉም ይዘገያል ማለት ነው?

ቆራጩ፦
ምስሉ ላይ ከታተመ አይዘገይም። ለብቻው በኤስአርቲ (የሰብታይትል ፋይል) ከሰጠሽው አዎ፣ በዚያው መጠን። "ሰብታይትል ኤዲት" የሚባለው ፕሮግራም ላይ ፍሬም ሬት መቀየሪያ አለ። ከ23.976 ወደ 24 አድርጊው። ሄዶ ሲያልቅ የመጨረሻውን መስመር ከንግግሩ ጋር አስተያዪው።

ቀዩ ሶፋ፦
ሁለት ቀን አለፈው። እና? ታየ?

ማይክ ያዥ፦
ነጠላ ካሜራ፣ አለሽ?

ሬንደር 99፦
ካሹን እያጠፋች ይሆናል።