የዓይን ሞራ ሲገፈፍ ዓይን ቢጠፋ ሐኪሙ ይታሰር?

የታካሚ ልጅ፦ እናቴ በዘመቻ የዓይን ሞራ ተገፈፈላት። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ፊቴን አይታ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ ያማት ጀመር። ስንደውል «ጠብታውን ቀጥሉ፣ ይተዋታል» ተባልን። ከተማ ይዘናት ስንደርስ ዓይኗ መግል ቋጥሯል። አሁን በዚያ ዓይን ምንም አታይም። ወንድሜ ሐኪሙ መታሰር አለበት ይላል። እናንተስ?

የሕግ ባለሙያ፦ አይዞሽ እህቴ። ወንድምሽ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል የጎዳን ሰው ይቀጣል። ጤናን የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ካለባቸው መካከል ሐኪምን ጠቅሶ ቅጣቱን ያከብዳል። ለካሳ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 አለ። ግን ዓይን ስለጠፋ ብቻ ጥፋት አለ አይባልም። የሙያው ደንብ መጣሱ መረጋገጥ አለበት። ከውል ውጭ ለሚጠየቅ ካሳ ያላችሁ ጊዜ 2 ዓመት ነው። ቀኑን ቁጠሩ።

የዓይን ነርስ፦ እኔ እስሩን እቃወማለሁ። ይህ ኢንፌክሽን አልፎ አልፎ በጥሩ ሆስፒታልም ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ጀርሙ ከራሱ ከታካሚው የዓይን ቆብ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዓይኑ ላይ 5 በመቶ አዮዲን የምናንጠባጥበው። አዮዲኑ ተዘሎ ከሆነ ግን ያ ጥፋት ነው፤ አልከራከርም።

አንድ ዘመቻ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። መሣሪያዎቹን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው አውቶክሌቭ ገና አልጨረሰም። ቀጣዩ ታካሚ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ዶክተሩ «መሣሪያው ሳይደርስ አልነካም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። አዘጋጁ በር ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል፤ ውጭ ሰው ተሰልፏል። ያን ቀን ዶክተሩ ባይጨክን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር? ዘመቻ ያዘጋጀ ሁሉ ለመሣሪያውም፣ ለክትትሉም ይጠየቅ። የእናትሽ ነገር ደግሞ እኔን የሚያንገበግበኝ በስልኩ ነው። ሞራ ከተገፈፈ በኋላ ዓይን ካመመና ካደበዘዘ ድንገተኛ ነው። በዚያው ቀን ዓይን ውስጥ መድኃኒት መወጋት ነበረባት።

ሌላ ተሳታፊ፦ አዘጋጁ፣ መሣሪያው፣ ስልኩ እየተባለ በመጨረሻ የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል። ድሃ እናት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈርማለች። ምን እንደፈረመች ማን አነበበላት? ሐኪምን የሚመረምረውም ሐኪም ነው። ፍርድ ቤት ይየው።

የዓይን ነርስ፦ ይየው፣ ግን ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም በፈራ ቁጥር ስህተቱን ይደብቃል፣ ክፍለ ሀገርም አልወርድም ይላል። በ1998ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ በሞራ የታወሩ ናቸው። እነሱን ማን ይድረስላቸው? እህቴ፣ የቀዶ ሕክምናውን ካርድ ቅጂ ጠይቂ። በሞራው ፈንታ ዓይኗ ውስጥ የገባው ሌንስ መለያ ተለጣፊ ካለበት እይ። ከሁሉ በላይ ያን ቀን የተሠሩትን ሌሎች ሰዎች ፈልጊ። የታመመችው እናትሽ ብቻ ከሆነች አንድ ነገር ነው። ሦስት አራት ሰው ከታመመ ግን መሣሪያው ወይም መድኃኒቱ ይመርመር።

የታካሚ ልጅ፦ ከእናቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት እናቶችን አውቃለሁ። አንዷ የገበያ ቀን ትመጣለች። ቅዳሜ አገኛታለሁ።